አረርን በሌላ ማዕድን መተካት፦ በአፉ ስለሚጎርስ ጠመንጃና ስለ ጥይቱ

ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ከድምፅ የተገለበጠ

የንግግሬ ርእስ ከተለጠፈ ወዲህ “በዚህ ዘመን በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ምን ይሠራልናል?” ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የብረታ ብረት መምህር እንጂ የጦር መሣሪያ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ አንድን ማዕድን በሌላ መተካት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የድሮ መሣሪያ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከቃሉ ልነሣ። ዐረር በግእዝ የማዕድኑ ስም ነው፤ ዛሬ እርሳስ የምንለው። በአማርኛ ግን ቃሉ ወደ ጥይቱ ተሻገረ፤ “አረር ዘነበበት” ስንል የምንናገረው ስለ ተኩስ ነው። ቋንቋችን ማዕድኑንና ጥይቱን በአንድ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት በሰው ትከሻ ላይ በሚነግት ጠመንጃ ውስጥ ሁለቱ አንድ ነበሩ። የዛሬው ጥያቄ ይህ ጋብቻ ይፈታ ዘንድ ይቻላል ወይ የሚል ነው።

በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ስል ባሩዱንም ጥይቱንም በአፈሙዙ በኩል የሚቀበለውን ማለቴ ነው። ጠመንጃን በአጎራረሱ መጥራት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አንድ ጎራሽ፣ አምስት ጎራሽ እንላለን። ይህኛው የሁሉም አያት ነው። በእኛ አገር ቦታው ሙዚየም ቢሆንም፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ግን ዛሬም ይተኮሳል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለዚህ መሣሪያ የተለየ የአደን ወቅት ይመድባሉ፤ በጥንቱ ጠመንጃ ወይም በአምሳያው ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎችም በብዙ አገሮች አሉ። ጥያቄው በመጀመሪያ የእነርሱ ነው።

ያስነሣውም ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በግዛቲቱ ውስጥ የዱር እንስሳን በእርሳስ ጥይት ማደን ሙሉ በሙሉ ተከለከለ። የአፈጻጸም ደንቡ ጥይት የሚለውን ሲተረጉም ድቡልቡሉን የጥንት ጥይትና በፕላስቲክ ቀሚስ የሚተኮሰውን ጭምር ያካትታል፤ ከክብደቱ ከ1 በመቶ የበለጠ እርሳስ ያለበት አይፈቀድም። ስለዚህ “የእኔ ጠመንጃ የቅድመ አያቴ ዘመን ነው” ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ዴንማርክ ጥቃቅኑን የወፍ ማደኛ እርሳስ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የአደን ጠመንጃ ጥይትን ደግሞ በ2024 ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ በረግረግ ቦታዎች ጥቃቅኑን እርሳስ አግዷል።

የካሊፎርኒያን ሕግ የወለደው ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ፤ በ1987 በዱር የቀረው የመጨረሻው ተይዞ ሁሉም በሰው እጅ እንዲራቡ ተደረገ። ዘራቸው በዝቶ ወደ ዱር ሲመለሱ ግን ዋነኛ ገዳያቸው እርሳስ ሆኖ ተገኘ። አዳኙ ጥሎት የሄደውን ሆድ ዕቃ ሲበሉ የጥይት ፍርስራሽ አብሮ ይገባል፤ አጥንት የሚያሟሟው የጨጓራቸው አሲድም እርሳሱን ወደ ደማቸው ያደርሰዋል።

የሰውም ጉዳይ አለ። እርሳስ በሰውነት ውስጥ የካልሲየምን መንገድ ተከትሎ ወደ አጥንትና ወደ ነርቭ ይገባል፤ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተመልሶ የሚድን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። እዚህ ላይ ለፍርድ ሚዛናዊ መሆን ይገባል፤ የጥንቱ ድቡልቡል ጥይት ከዘመናዊው ፈጣን ጥይት ይልቅ ዝግ ብሎ ስለሚበር በሥጋው ውስጥ የሚተወው ፍርስራሽ ያነሰ ነው። ነገር ግን የዚህ መሣሪያ ወዳጆች ሌላ ልማድ አላቸው፤ ጥይታቸውን ራሳቸው በቤታቸው ያቀልጣሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ጢሱን ነው። እርሳስ ለማፍሰስ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁታል፤ የሚፈላው ግን 1,749 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ትነቱ ጥቂት ነው። አደገኛው ከቀለጠው ላይ ተገፍፎ የሚጣለው ዝቃጭና አቧራው ነው። በእጅና በልብስ ወደ ምግብ ገበታ የሚሄደው፣ ወለል ላይ የሚድኸውም ሕፃን የሚያገኘው እርሱን ነው።

ታዲያ ሌላ ማዕድን ማቅለጥ ነው፣ ምን ችግር አለው? ይህን ለመመለስ እርሳስ በዚያ ቱቦ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ይገባል። እርሳስ ከባድ ነው፤ አንዱ ኩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.34 ግራም ይመዝናል። በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የማገዶ እሳት ይበቃዋል። ርካሽ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሁሉም የሚያውቋቸው ናቸው። አራተኛው ለስላሳነቱ ነው፤ በጥፍር ይጫራል። ሰዎች ለስላሳነቱን እንደ ባሕርይ ብቻ ይቆጥሩታል። እኔ ግን የመሣሪያው አንድ አካል፣ እንደ ቃታውና እንደ ሰደፉ ያለ አካል አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ምክንያቱን እነሆ። በኋላው በኩል በሚጎርስ ጠመንጃ ጥይቱ ከቱቦው ጥቂት ወፈር ብሎ ይሠራል፤ የባሩዱ ጋዝ በታላቅ ኃይል ወደ ቱቦው ያስገባዋል፤ ጥይቱ ተጨምቆ በቱቦው ውስጥ የተፈለፈሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይይዛል፤ እየተሽከረከረም ይወጣል። በአፉ በሚጎርሰው ግን ጥይቱን የሚያስገባው የሰው ክንድና አንድ ዘንግ ናቸው። ስለዚህ ሲገባ ከቱቦው መቅጠን አለበት። ሲወጣ ደግሞ ቱቦውን መሙላት አለበት፤ አለዚያ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ ቦዮቹንም አይዝም፣ አይሽከረከርም። ገብቶ ቀጭን፣ ወጥቶ ወፍራም፦ አንድን ዕቃ ይህን ሁለቱንም ሁን ማለት ነው። በእርሳስ ፋንታ ማዕድን ሲፈለግ ሊፈተን የሚገባው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ቦይ የሌለው ቱቦ ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው። መድፈኞች በጥንት ጊዜ ድንጋይና ብረት የተኮሱት ለዚህ ነው፤ በጥይቱና በቱቦው መካከል ክፍተት ይተዋሉ፤ ጋዝ ያመልጣል፤ ባሩድ በመጨመር ያካክሱታል። ወደ 7 ቶን እንደሚመዝን የሚነገርለት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖልም በአፉ የሚጎርስ ነበር፤ ምስሉን በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ነው። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የጥይቱ ለስላሳነት ጉዳይ አልነበረም። በትከሻ ተይዞ በሩቅ ዒላማን ለመምታት በተፈለገ ጊዜ ግን ቦይ አስፈለገ፤ ቦዩም መደፈንን ጠየቀ።

ለዚህ ጭንቀት ሦስት መፍትሔዎች በየዘመናቸው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው ጨርቅ ነው። ጥይቱ ከቱቦው አነስ ተደርጎ ይፈስሳል፤ በቅባት በራሰ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ይጠቀለልና በዘንግ ይገፋል። ቦዩን የሚይዘው፣ ጋዙንም የሚደፍነው ጨርቁ ነው። ማዕድኑ ራሱ የቱቦውን ግድግዳ አይነካም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የፈረንሳዊው መኮንን የክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ ጥይት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ የታወቀ። ሾጣጣ ነው፤ ከበስተኋላው ውስጡ ባዶ ሆኖ ስስ ቀሚስ አለው። በቀላሉ ይገባል፤ ባሩዱ ሲቀጣጠል ጋዙ ቀሚሱን ወደ ውጭ ይነፋዋል፤ ቦዩን ይይዛል። ሚኒዬ ቀሚሱ እንዲከፈት የብረት ስኒ ጨምሮበት ነበር፤ አሜሪካዊው ጄምስ በርተን በሃርፐርስ ፌሪ ያለ ስኒም እንደሚሠራ አሳየ። ለዚህም የበቃው እርሳሱ ንጹሕና ለስላሳ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በአብዛኛው በዚህ ጥይት ተካሄደ። በእኛም ታሪክ የዚህ ቤተሰብ ሥር አለ፤ የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ስናይደር ጠመንጃ፣ በአፉ ይጎርስ የነበረው የ1853ቱ ኤንፊልድ በኋላው እንዲጎርስ ተቆርጦ የተሠራ ነበር። በወዲያኛው ወገን የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ አሁንም በአፋቸው ይጎርሱ ነበር፤ ልዩነቱ ሜዳ ላይ ምን እንዳስከተለ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው፤ ሳቦት የሚባል የፕላስቲክ ቀሚስ። ጥይቱ ከቱቦው በጣም ቀጭን ሆኖ በፕላስቲኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕላስቲኩ ይደፍናል፣ ያሽከረክራል፣ ከአፈሙዙ ሲወጣም ተለይቶ ይወድቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንደኛውና በሦስተኛው መንገድ የመድፈን ሥራ ከማዕድኑ ላይ ተነሥቶ ለሌላ ነገር ተሰጥቷል። በሁለተኛው ግን ማዕድኑ ራሱ ይደፍናል። ስለዚህ “ከእርሳስ ቀጥሎ የሚሻለው ማዕድን የቱ ነው?” ብለን ከጠየቅን መልስ አናገኝም። አስቀድሞ የሚጠየቀው “በዚህ ጠመንጃ ውስጥ የሚደፍነው ማን ነው?” የሚለው ነው።

አሁን ወደ ማዕድናቱ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኳቸው ኳሶች 12.45 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ለግማሽ ኢንች ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚገባ የተለመደ መጠን ነው። ይዘታቸው ከ1 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ የማዕድኑን እፍግታ ከሰንጠረዥ ስታነቡ የኳሱን ክብደት በግራም አነበባችሁ ማለት ነው። እርሳሱ 11.4 ግራም ገደማ፣ ቢዝሙዙ 9.9፣ መዳቡ 9፣ ቆርቆሮው 7.4፣ ዚንኩ 7.2። እርሳሱን በፕላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፤ ሌሎቹን በእጃችሁ እየመዘናችሁ አሳልፉ።

የክብደት ማነስ ምን ያመጣል? በእኩል ባሩድ ቀላሉ ኳስ ፈጥኖ ይወጣል። አየር ግን በሁሉም ላይ የሚያሳርፈው ተቃውሞ በስፋታቸውና በፍጥነታቸው የሚወሰን ነው፤ ስፋታቸው አንድ ስለሆነ በእኩል ፍጥነት ላይ ቀላሉ ቶሎ ይደክማል። የቆርቆሮው ኳስ ከእርሳሱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ፈጥኖ ፍጥነቱን ያጣል። ከ50 ሜትር ወዲህ ልዩነቱ ይቻላል፤ ከ100 ሜትር ወዲያ ግን አዳኙ እንስሳውን አቁስሎ የሚሰድበት ዕድል ይጨምራል። ለእኔ ይህ ከሕግ የማያንስ ጉዳይ ነው።

ቢዝሙዝ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ የእርሳስ ጎረቤት ነው፤ አንዱ 82ኛ፣ ሌላው 83ኛ። ጎረቤቱ መርዝ ሆኖ ሳለ እርሱ ለጨጓራ መድኃኒትነት ይውላል። በአብዛኛውም የሚገኘው እርሳስና ሌሎች ማዕድናት ሲጣሩ እንደ ተረፈ ምርት ነው፤ እርሳስን ለመተካት እርሳስ ቆፋሪውን መለመን አለብን። በ271 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለማፍሰስ ምቹ ነው። ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ተሰባሪ ነው፤ በመዶሻ ብትመቱት ከመጠፍጠፍ ይልቅ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ለሚኒዬ ቀሚስ ፈጽሞ አይሆንም። ሁለተኛ፣ እንደ ውኃ ሲረጋ ይሰፋል፤ 3 በመቶ ያህል። እርሳስ ግን ሲረጋ ይኮማተራል።

ይህ የሁለተኛው ጠባይ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ሰውየው ለዓመታት እርሳስ ያፈሰሰበት የቅርጽ ማውጫ አለው፤ ቢዝሙዝ ያፈስበታል፤ የሚወጣው ኳስ ከለመደው ወፍራም ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቱቦው ይገፋዋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይጣበቃል። እርሳስ ቢሆን በዘንጉ ጫና ይታዘዝ ነበር፤ ይህኛው አይታዘዝም። ትዕግሥቱ ያለቀበት ተኳሽ እዚያው እንዳለ ይተኩሰዋል። በባሩዱና በጥይቱ መካከል ባዶ ቦታ ሲኖር ጋዙ የተዘጋ ነገር ላይ በድንገት ያርፋል፤ ቱቦው ያብጣል፣ አልያም ይፈነዳል፤ የተኳሹ ግራ እጅ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ማዕድን በለወጡ ቁጥር ኳሱን በካሊፐር መለካትና የጨርቁን ውፍረት እንደገና መምረጥ ግዴታ ነው። ጥቂት ቆርቆሮ ሲጨመርበት ቢዝሙዝ ይሻሻላል። 58 እጅ ቢዝሙዝና 42 እጅ ቆርቆሮ ያለው ቅይጥ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሲረጋም መጠኑን እምብዛም አይለውጥም። ከእርሳስ ግን የጠነከረ ነው፤ ክብደቱም ወደ 8.6 ግራም ይወርዳል።

ቆርቆሮ ስል ቤታችንን የምንከድንበትን ማለቴ አይደለም፤ እርሱ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። እውነተኛው ቆርቆሮ የምግብ ጣሳ የሚለበጥበት፣ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ የሚሠራበት ነጭ ማዕድን ነው። ይህን ዘንግ ሳጣጥፈው የሚሰማችሁ ስንጥቅ ስንጥቅ የሚል ድምፅ የእርሱ መለያ ነው፤ በውስጡ ያሉት ክሪስታሎች አቀማመጣቸውን ሲለውጡ የሚያሰሙት ነው። በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ለስላሳነቱ ከንጹሕ እርሳስ ብዙ አይርቅም፤ ከእርሳስ ተተኪዎች መካከል በዚህ የሚወዳደረው የለም። ንጹሑ ቆርቆሮ ከ13 ዲግሪ በታች ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ወደ ግራጫ ዱቄትነት ሊለወጥ ይችላል፤ ጥቂት ቢዝሙዝ ጣል ቢደረግበት ይህ ይቀራል። እንቅፋቶቹ ቀላልነቱና ዋጋው ናቸው፤ በዓለም ገበያ ከእርሳስ ከ10 እጥፍ በላይ ይሸጣል። ይሁንና ለጨርቅ ኳስ የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ በአጭር ርቀት ለሚያድን ሰው ቆርቆሮን እመርጣለሁ። በቱቦው ውስጥ ቢጣበቅ እንኳ እንደ እርሳስ ይታዘዛል።

ስለ ዚንክ ብዙ አልልም። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኮሳል። ነገር ግን ዚንክ የዋጡ ዳክዬዎች እንደሚመረዙ በጥናት ታይቷል፤ በአሜሪካም ለውኃ ወፍ አደን ከተፈቀዱት ማዕድናት መካከል የለም። ከእርሳስ ሸሽቶ ወደ እርሱ መሄድ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

መዳብ በ1,085 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በቤት አይፈስስም፤ በፋብሪካ ተቀርጾ ይገዛል። ጫፉ ባዶ ተደርጎ ሲሠራ እንስሳው ውስጥ ገብቶ እንደ አበባ ይከፈታል፤ ፍርስራሽ አይተውም። ከሳቦት ጋር ዛሬ ከሁሉ የተሳካው ተተኪ እርሱ ነው። ግን ለአዲሶቹ ጠመንጃዎች ብቻ። ከእርሳስ ስለሚቀል፣ እኩል ክብደት እንዲኖረው ይረዝማል፤ ረጅም ጥይት ደግሞ በአየር ላይ እንዳይገለባበጥ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል እ.ኤ.አ. በ1879 ያወጣው ቀመር ይህን ያሰላል። አዲሶቹ ቱቦዎች ጥይቱን በ71 ሴንቲ ሜትር ገደማ አንድ ዙር ያዞሩታል፤ ለድቡልቡል ኳስ የተሠሩት ግን ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ያስፈልጋቸዋል። ረጅሙን የመዳብ ጥይት በእነዚህ መተኮስ ዒላማን መዘንጋት ነው።

ተንግስተን ከእርሳስም ይከብዳል፤ 19.3። በ3,422 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ግን በዱቄት መልክ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ካልሆነ አይሠራም፤ ቱቦንም ይቦጫጭራል። “እርሳስ አይደለም” ማለት “መርዝ አይደለም” ማለት እንዳልሆነም ያሳያል፤ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የጨረር ሥነ ሕይወት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ የተንግስተን፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ በጡንቻቸው ውስጥ የተቀበረባቸው አይጦች ዕጢ አውጥተዋል።

የቀረው ሁለተኛው መንገድ፣ የሚኒዬ ጠመንጃ ነው። ቢዝሙዝ ቀሚሱን ይሰነጥቅበታል፤ ዚንክና መዳብ አይነፉለትም፤ ቀሚሱ ካልተነፋ ጥይቱ ሳይሽከረከር ይወጣል። ቆርቆሮ በለስላሳነቱ ይቀርባል፤ ግን በእርሳስ 32 ግራም የሚመዝነው የታወቀው ጥይት በቆርቆሮ ወደ 21 ግራም ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዞ በካሊፎርኒያ ማደን የሚፈልግ ሰው ግን መላ አለው። የ1853ቱ ኤንፊልድ ቱቦ ጥይቱን በ2 ሜትር ገደማ አንድ ዙር ብቻ ያዞረዋል፤ ይህ ዝግታ ለድቡልቡል ኳስ የሚስማማ ነው። ቦዮቹ ጥልቀት ስለሌላቸው ኳሱና ጨርቁ በልክ መመረጥ አለባቸው እንጂ፣ የቆርቆሮ ኳስ በቅባት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ መተኮስ ይችላል፤ ከሚኒዬ በፊት እንደ ነበረው።